ከቅዱስ ጴጥሮስ ጓሮ ያለው የሐበሻ ገዳም
(ስለ ሳንቶ ስቴፋኖ ታሪክና ሕንፃ አጭር ጥናት)

ስለ ሮምና ስለ ኢትዮጵያ ሲወራ አፋችን ላይ ቶሎ የሚመጣው ዐድዋ ነው። ቀጥሎ የ1928 ዓ.ም. ወረራ ይነሣል። ከዚያም ተነቅሎ የተወሰደውና ከስንት ዓመት ሙግት በኋላ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት አለ። ይህ ሁሉ የጦርና የዝርፊያ ታሪክ ነው፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከነዚህ ሁሉ በፊት፣ ገና ጣሊያን የሚባል አንድ መንግሥት ሳይኖር፣ ሮም ውስጥ የኢትዮጵያውያን ቤት ነበር። ቤቱ ገዳም ነበር። በኋላ የትምህርት ቤት ሆነ። ዛሬም ቆሟል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ቤት ነው።

«ከሻንቶ እስከ ቫቲካን ምን ያገናኘናል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱን ከመጨረሻው ላይ እናገኘዋለን። እዚህ ላይ ግን አንድ ማሳሰቢያ፦ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

፩/ ቤቱ

ስሙ ሳንቶ ስቴፋኖ ነው፤ የኛው ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለት ነው። የጥንት ስሙ «ትልቁ ቅዱስ እስጢፋኖስ» ነበር። የኛ ሰዎች ከገቡበት በኋላ ግን ሮማውያን «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» አሉት። «የህንዶች» ያሉትም ነበሩ። ይህ አያስገርምም፤ በዚያን ዘመን አውሮጳዊ ከግብፅ ወዲያ ያለውን አገር ሁሉ ህንድ እያለ ይጠራ ነበር። እኛን ከህንድ ሳይለይ ነው እንግዲህ በር የከፈተልን።

ቦታው ከታላቁ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ፣ ከመቅደሱ ጀርባ ጥቂት እርምጃ እንደሄዱ ነው። በኛ አነጋገር ጓሮ ውስጥ ነው። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት መጀመሪያ ያሠራው በ5ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፓፓ ልዮን ቀዳማዊ ነው ይላል። ከጎኑ የመነኮሳት መኖሪያ ነበረው። በመካከለኛው ዘመን ፈርሶ እንደገና ታድሷል።

ሕንፃው ሲሠራ ባለ ሦስት ክፍል ነበር። ማለትም መካከሉ ሰፊ፣ ግራና ቀኙ ጠበብ ያለ፣ በመካከል በዓምድ የተለየ። ዓምዶቹ ለዚህ ቤት ተብለው የተጠረቡ አይደሉም፤ ከጥንታዊ የሮማውያን ሕንፃ የተወሰዱ ናቸው። ከዘመን በኋላ የግራና የቀኙ ክፍል ቀረና ዓምዶቹ ከግድግዳው ጋር ተያይዘው ተገነቡ። ዛሬ የሚገባ ሰው የሚያየው አንድ ረጅም አዳራሽ ነው፤ ዓምዶቹ ግን ከግድግዳው ብቅ ብለው አሁንም ይቆጠራሉ። ከመንበሩ ሥር ምድር ቤት አለ። የፊቱ ግድግዳ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በፓፓ ክሌመንት 11ኛ ጊዜ የታደሰ ነው። በሩ ግን ቀድሞ እንደነበረ ተትቷል። በእብነ በረድ መቃኑ ላይ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ጠራቢዎች ሐረግና ቅጠል ቀርጸውበታል፤ ከጉበኑ መካከል መስቀል የያዘ በግ አለ። በአምስት መቶ ዓመት ውስጥ ከኢየሩሳሌም የመጣ ሐበሻ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያለፈው በዚህ በግ ሥር ነው።

አንድ ነገር ልብ እንበል። የጥንቱ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ከ1506 ጀምሮ ፈርሶ አሁን የምናውቀው ግዙፍ ሕንፃ በቦታው ተሠራ። አዲሱ የተመረቀው በ1626 ነው። በዚህ 120 ዓመት ውስጥ በዙሪያው የነበረው አሮጌ ቤት ብዙው ጠፋ። ሳንቶ ስቴፋኖ ግን ተረፈ። ስለዚህ ዛሬ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ከቆሙት ቤተ ክርስቲያናት ሁሉ ጥንታዊው የሐበሾቹ ቤት ነው ይባላል። ትልቁ ፈርሶ ትንሹ ቀረ።

፪/ እንግዶቹ

ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደ ሮም የሄዱት ከጎንደር ወይም ከሸዋ ቀጥታ ተነሥተው አይደለም። መንገዱ የኢየሩሳሌም መንገድ ነው። በግብፅ በኩል ኢየሩሳሌም ይደርሳሉ፤ እዚያ ገዳም አላቸው። ከዚያ የባሰ ብርታት ያለው በባሕር ተሻግሮ ቬኒስ ይወርድና በእግሩ ሮም ይገባል። የጴጥሮስንና የጳውሎስን መቃብር ለመሳለም ነው። ስንቅ የለ፣ ቋንቋ የለ፣ ደብዳቤ የያዘ ብርቅ ነው።

በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳም የተላኩ ኢትዮጵያውያን በፍሎረንስ ጉባኤ ላይ ተገኝተው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው መንገዱ የተለመደው። ፓፓ ሲክስቱስ 4ኛ፣ ከ1471 እስከ 1484 በመንበሩ የቆየው፣ ሳንቶ ስቴፋኖን አሳድሶ ለነዚህ መንገደኞች ማረፊያ ሰጠ።

ይህን ስጦታ አጋንነን ልናወራ አይገባም፤ አሳንሰንም አይሆንም። በአንድ በኩል መጠለያና ቀለብ፣ ከዚያም በላይ በራሳቸው ቋንቋ የሚቀድሱበት ቤት ሆነላቸው። በሌላ በኩል የቤቱ ባለቤት ፓፓው እንጂ እነሱ አልነበሩም። እንጀራው የሰው ነው፤ የሰው እንጀራ ደግሞ ጥያቄ አያጣውም። መጀመሪያ ላይ ሃይማኖታቸውን ብዙ ሳይመረምር የተቀበላቸው ቤት፣ የአውሮጳ ክርስቲያኖች እርስ በርስ ሲከፋፈሉና ሮም ስትጠነክር፣ «እንዴት ነው የምታምኑት? የምትጠመቁትስ?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። መነኮሳቱ ሁለት እሳት መካከል ነበሩ። ሮም ስትመረምራቸው፣ አገር ቤት ደግሞ «ፈረንጅ ሆነ» የሚል ይጠብቃቸዋል።

፫/ መምህሩና ተማሪው

በ1511 ገደማ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ካህን ሮም ውስጥ ሳለ ኢትዮጵያውያን ሲዘምሩ ሰማ። ቋንቋውን አያውቀውም፤ ነገር ግን በመካከሉ የማርያምንና የቅዱሳንን ስም ለየ። ነገሩ አላስተኛውም። ፈልጎ አፈላልጎ ከመነኮሳቱ አንዱን፣ አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤልን፣ አገኘና እግራቸው ሥር ተቀምጦ ግእዝ ተማረ። በ1513 መዝሙረ ዳዊት በግእዝ ፊደል ታተመ። በዓለም ላይ በማተሚያ መኪና የታተመ የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ እሱ ነው። የኛ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በእርሳስ የተቀረጸው ለሱ ነው።

ታዲያ የሚገርመው፣ ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» አለው! ከመምህሩ ተምሮ፣ መጽሐፉን አሳትሞ፣ የቋንቋውን ስም ግን ተሳሳተ። ስህተቱም ቶሎ አልጠፋም። ከ39 ዓመት በኋላ፣ በ1552፣ ማርያኖ ቪቶሪ የመጀመሪያውን የግእዝ ሰዋስው በላቲን ሲያሳትም አሁንም «ከለዳዊ» ይላል። መምህር እያለ ስም የሚያወጣው ተማሪው ነበር ማለት ነው።

፬/ አባ ተስፋ ጽዮን

የቪቶሪ መምህር አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበሩ። በኢማም አሕመድ ጦርነት ዘመን፣ ደብረ ሊባኖስ ራሷ በተቃጠለችበት ጊዜ፣ ከአገር ወጥተው በኢየሩሳሌም በኩል በ1530ዎቹ ሮም ገቡ። ፈረንጆቹ «ወንድም ጴጥሮስ ህንዳዊው» ይሏቸው ነበር። በሳንቶ ስቴፋኖ የሐበሾቹ አለቃ ሆኑ፤ ከካርዲናሎችም ጋር ተዋወቁ። በተለይ በኋላ ፓፓ ማርሴሎስ 2ኛ የተባለው ካርዲናል ቼርቪኒ ደጋፊያቸው ነበር።

አባ ተስፋ ጽዮን ግን የተዋወቁት ለመሾም ብቻ አይደለም። አገራቸው መጻሕፍቷ ተቃጥለዋል፤ እሳቸው ያሉት ደግሞ ማተሚያ መኪና ባለበት ከተማ ነው። በእጅ የሚጻፍ አንድ መጽሐፍ ብራናው፣ ቀለሙ፣ የጸሐፊው ጉልበት ተቆጥሮ ብዙ ወር ይፈጃል፤ የተቃጠለ ዕለት ደግሞ አንድ ነበር፣ አንዱም ጠፋ። የታተመ መጽሐፍ ግን መቶው ቢቃጠል መቶው ይተርፋል። ስለዚህ ከሁለት ኢትዮጵያውያን ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው አዲስ ኪዳንን በግእዝ ለማሳተም ተነሡ። በ1548 ወንጌላቱ፣ ራእየ ዮሐንስ፣ የሐዋርያት ሥራና ሌሎቹ ወጡ፤ በ1549 የጳውሎስ መልእክታት ተከተሉ። ቅዳሴም አለበት።

ችግሩ ብዙ ነበር። ፊደል ለቃሚዎቹ ሮማውያን ናቸው፤ ፊደሉን አያነቡትም። መነኮሳቱ ያነባሉ፤ የማተሚያን ሥራ ግን አያውቁም። አባ ተስፋ ጽዮን ይህንኑ በመጽሐፉ ውስጥ ለአንባቢ ገልጠው፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳድተን ሠራነውና ለስህተቱ ይቅር በሉን የሚል መንፈስ ያለው ቃል አስቀምጠዋል። ከሐዋርያት ሥራ ደግሞ የግእዝ ቅጂው የጎደለባቸው ክፍል ነበር፤ እሱን ከላቲንና ከግሪክ መልሰው ሞሉት። ስቴንስል ቆርጦ በማባዣ መኪና ላይ ቀለም ያፈሰሰ፣ ገጹ ተገልብጦ የወጣበት፣ «ለ» እና «ሰ» የተዋጠበት የኛ ቢጤ አባዥ ይህን ሲያነብ ወንድሙን ያገኘ ይመስለዋል።

ዘመኑንም እናስተያይ። አዲሱን የቅዱስ ጴጥሮስ ሕንፃ ሚኬላንጄሎ የተረከበው በ1547 መባቻ ላይ ነው። ያ ሁሉ ድንጋይ ሲፈለጥ፣ ያ ሁሉ ኖራ ሲቦካ፣ ጥቂት እርምጃ ርቆ ባለው አሮጌ ቤት ውስጥ ጥቂት ሐበሾች የማተሚያ እርማት እያዩ ነበር። የዓለም ቱሪስት ስለ መጀመሪያው ሥራ ያውቃል። ስለ ሁለተኛው እኛስ እናውቃለን? ልብ በሉ፤ ማተሚያ ኢትዮጵያ ምድር የገባው ከዚህ ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

፭/ አባ ጎርጎርዮስ

መቶ ዓመት እንለፍ። በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሳንቶ ስቴፋኖን አንኳኳ። ቤቱ ተዳክሟል፤ ያገኘው አራት ኢትዮጵያውያን ብቻ ነው። ሉዶልፍ ግእዝን ከመጽሐፍ ተምሯል፤ ከሰው አፍ ግን ሰምቶ አያውቅም። አፉን ከፍቶ ሲናገር መነኮሳቱ ሳቁ። ጽሑፉን ያውቃል፣ ድምፁን አያውቅም። ነገር ግን ከመካከላቸው አባ ጎርጎርዮስ፣ የአምሐራ መካነ ሥላሴ ሰው፣ ልጁ የምሩን እንደሆነ አዩ። ጎርጎርዮስ አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ሲያባርሩ አብረው የወጡ ስደተኛ ናቸው። ወዳጅነቱ እዚያ ተጀመረ፤ በደብዳቤም ቀጠለ።

በ1652 ጎርጎርዮስ በጎታው መስፍን በኤርነስት ግብዣ ጀርመን ድረስ ሄዱ። በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ለወራት ተጠየቁ፤ መለሱ። ስለ አገሩ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ሹመቱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ግእዙ፣ ስለ አማርኛው። ሉዶልፍ በ1661 የግእዝ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ጎርጎርዮስ ይህን አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብራ በባሕር ጠፉ።

እዚህ ላይ ፍርድ እናስተካክል። ሉዶልፍ መምህሩን አልደበቀም፤ ስማቸውን ጠቅሷል፤ በ1691 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ መልካቸውን አሥሎ አትሟል። ጥፋቱ የኋለኞቹ ነው፤ እኛም አለንበት። ሉዶልፍን «የኢትዮጵያ ጥናት አባት» እያልን በየክፍሉ እንማራለን። ልጁ አባት ከተባለ፣ ያስተማረው ጎርጎርዮስ ምን ሊባል ነው? «መረጃ ሰጪ»? አንድ ሰው ለወራት ተቀምጦ ቋንቋ ቢያስተምር፣ ትርጉም ቢያቃና፣ የተማሪውን ስህተት ቢያርም፣ በኛ አገር ስሙ መምህር ነው።

፮/ ገዳሙ ኮሌጅ ሲሆን

ከጎርጎርዮስ በኋላ ቤቱ ለረጅም ጊዜ ጭር አለ። አልፎ አልፎ ሐበሻም ግብጻዊም ያርፍበት ነበር። የመነኮሳቱ የብራና መጻሕፍት ወደ ቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ገቡ። የቀረው በግእዝ የተቀረጸ የመቃብር ድንጋይና ጽሕፈት ነው።

በ1919 ፓፓ ቤኔዲክት 15ኛ ገዳሙን ኮሌጅ አደረገው፤ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ተባለ። በ1929 የቫቲካን ከተማ ራሱን የቻለ መንግሥት ሲሆን ኮሌጁ በቅጥሩ ውስጥ ቀረ። አሮጌው ማረፊያ ስለማይበቃ ፓፓ ፒዮስ 11ኛ በአትክልቱ ቦታ መካከል አዲስ ሕንፃ አሠራ። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ የሚገኝ ኮሌጅ እሱ ብቻ ነው። ዛሬም የኢትዮጵያና የኤርትራ ካህናት ይማሩበታል። ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተጠንቶ ታደሰ፤ ማውሮ ዳ ሌኦኔሳ የተባለ ካፑቺን መነኩሴም በ1929 ስለ ቤቱ ታሪክ ሰፊ መጽሐፍ አወጣ።

አሁን ቀኖቹን አጠገብ ለአጠገብ እናስቀምጣቸው። ሮም ውስጥ የሐበሾቹ ቤት ተጠርጎ ተጠግኖ ካለቀ ጥቂት ዓመት ሳይሞላ፣ ከዚያው ከተማ የታዘዘ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ በቴሌግራም ያመነው 297 መነኮሳትን፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናትን ነው። የኋላ ተመራማሪዎች ቁጥሩ ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ጽፈዋል። ደብረ ሊባኖስ ማን ናት? የተስፋ ጽዮን ገዳም ናት። ከሷ የወጣ መነኩሴ ሮም ውስጥ ያሳተመው መጽሐፍ በመስታወት ሣጥን ይከበራል፤ እሷ ውስጥ የቀሩት መነኮሳት በሸለቆ ዳር ይረሸናሉ። አሮጌ ድንጋይ መንከባከብና ሰው መንከባከብ የተለያየ ነገር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

፯/ ወደ ሻንቶ ስንመለስ

እንግዲህ ጥያቄው፦ ከሻንቶ እስከ ቫቲካን ምን ያገናኘናል?

አንደኛ፣ ፊደሉ ያገናኘናል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር፤ የተጻፈውም በዚሁ ፊደል ነው። በኋላ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ወደ ላቲን ፊደል ተዛወረ። ስለዚህ የአያቶቻችንና የኛ መጽሐፍ በሁለት ፊደል ነው።

ሁለተኛ፣ ይህኛው የሚበልጠው፣ የመምህሩና የተማሪው ጉዳይ ነው። በ1938 ማርቲኖ ማርዮ ሞሬኖ የሚባል የቅኝ አገዛዙ ባለሥልጣን፣ ወላይትኛ ስለሚገኝበት ስለ ኦሜቶ ቋንቋ በጣሊያንኛ መጽሐፍ አሳተመ። ጠቃሚ መጽሐፍ ነው፤ ዛሬም የቋንቋ ተማሪ ይጠቅሰዋል። ነገር ግን ሞሬኖ ያን ቋንቋ ከአየር አልቀዳውም። ከኛው ሽማግሌዎችና ወጣቶች አፍ ነው የሰማው። «ይህ እንዴት ይባላል?» ሲል መልስ የሰጠው ሰው ነበረ። ሞሬኖን በስሙ እናውቀዋለን። ያስተማሩትንስ?

ሦስተኛ፣ ባለቤቱ ያልተጠየቀበት ቋንቋ ምን እንደሚያመጣ ወላይታ ከማንም በላይ ያውቃል። ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አቀላቅሎ «ወጋጎዳ» ያለው የመማሪያ መጽሐፍ በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ ሶዶ ላይ ተቃውሞ አስነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ መጽሐፉም ተነሣ። ፖትከን ግእዝን «ከለዳዊ» ብሎ ነበር። እሱ ቢሳሳት የሞተ ሰው የለም። የቋንቋን ስም ባለቤቱን ሳይጠይቁ ማውጣት ግን የፈረንጅ በሽታ ብቻ አለመሆኑን አየን።

ስለዚህ ከሳንቶ ስቴፋኖ የምንወስደው ትምህርት «እኛም ሮም ቤት ነበረን» እያሉ መኩራራት አይደለም። ቤቱ በሰው ፈቃድ የተሰጠ ነበር፤ እዚያ የተሠራው ሥራ ግን የኛ ነው። ቶማስ፣ ተስፋ ጽዮንና ጎርጎርዮስ ስደተኞች ነበሩ፤ ሀብት አልነበራቸውም። የነበራቸውን እውቀት ሳይሰስቱ አስተማሩ። ዕድል ያላቸው ተማሪዎች ገጠሟቸውና ስማቸው በሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ተረፈ። ዕድል ያልገጠማቸው ግን እልፍ ናቸው።

እኛስ? ለእረፍት ወደየቤታችን ስንገባ፣ ሻንቶም ይሁን አረካ፣ ቦዲቲም ይሁን ሌላ፣ አንድ ደብተር ይዘን ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ እንቀመጥ። ተረቱን፣ የሰብሉን ስም፣ የእንሰቱን ዓይነት፣ የዘመድ አጠራሩን እንጻፍ። በጽሑፉ ራስ ላይ ግን በቅድሚያ የነገረንን ሰው ስም ከነአባቱ እናስፍር፤ የራሳችን ከሥር ይምጣ። የመመረቂያ ጽሑፍ ስንሠራም «መረጃ ሰጪ ቁጥር 3» ከማለታችን በፊት ሰውየውን «ስምዎ ቢጻፍ ይወዳሉ?» ብለን እንጠይቅ። አልወድም ካለ መብቱ ነው። ሳንጠይቀው ከቀረን ግን የጠፋው በኛ እጅ ነው።